ቅርጽና ይዘት በኮቨንትሪ የስካ ሙዚቃ

ለጭፈራ የተሠራ ሙዚቃ ቁም ነገር ሊሸከም ይችላልን? ይችላል ከተባለስ፣ ቁም ነገሩ የሚገኘው በግጥሙ ብቻ ነው ወይስ በዜማው፣ በምቱና በቅንብሩ ጭምር? ይህ ጥያቄ የኪነ ጥበብ ሰዎችን፣ መምህራንንና የባህል ሠራተኞችን ብዙ ጊዜ ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዱ ወገን ጭፈራ ሕዝብን ከማዝናናት ያለፈ ተግባር የለውም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ግጥሙ ትክክለኛ መልእክት እስከያዘ ድረስ ዜማው የመልእክቱ አጋሰስ ነው፤ ጭነቱ ይድረስ እንጂ የአጋሰሱ ዓይነት አያሳስብም ብሎ ያምናል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም አስተያየቶች ጎደሎ መሆናቸውን በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን። ምሳሌያችን ከ1979 እስከ 1984 በእንግሊዝ አገር መካከለኛ ክፍል፣ በኮቨንትሪና በአጎራባችዋ በበርሚንግሃም የበቀለው የስካ ሙዚቃ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የስካ የትውልድ ቦታ ኮቨንትሪ ሳትሆን የጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ የኪንግስተን ሙዚቀኞች በራዲዮና በሸክላ ከአሜሪካ የሚደርሳቸውን ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ ሜንቶ ከሚባለው የአገራቸው የሕዝብ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው አዲስ ስልት ፈጠሩ። የስልቱ ምሥጢር ያለው በምቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ጊታሩና ፒያኖው የሚመቱት ዋናው ምት በሚወድቅበት ቦታ ሳይሆን በሁለት ምቶች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ሲሆን፣ አመታታቸውም አጭርና የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ጨፋሪው እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ሙዚቃው መልሶ ያነሳዋል። በዚህ ምት ላይ ትሮምቦን፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ዜማውን ተቀባብለው ይጫወታሉ። ጃማይካ ኦገስት 6 ቀን 1962 ነጻነቷን ስታገኝ የወጣቱ ሕዝብ ደስታ የተገለጸው በዚሁ ሙዚቃ ነበር።

በ1964 የተቋቋመው «ስካታላይትስ» የተባለው የሙዚቃ ጓድ ስልቱን ወደ ከፍተኛ ደረጃ አደረሰው። ከአባላቱ መካከል እነ ዶን ድራመንድና ቶሚ ማኩክ የተማሩት የካቶሊክ መነኮሳይያት ያስተዳድሩት በነበረው፣ አልፋ በተባለው የኪንግስተን ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ነው። የአገራችን አንባቢ ልብ እንዲለው የሚገባው ነገር፣ ከጓዱ ሥራዎች አንዱ «አዲስ አበባ» የሚል ርእስ ያለው መሆኑ ነው። በራስ ተፈሪያን እምነት ውስጥ ኢትዮጵያ የያዘችው ስፍራ በብዙዎቹ የስካ ሙዚቀኞች ሥራ ላይ ምልክቱን ጥሎ አልፏል። የትሮምቦን ተጫዋቹ ሪኮ ሮድሪገዝም የዚሁ ትምህርት ቤትና የዚሁ እምነት ልጅ ነበር። ሪኮ በ1961 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ ከጥቂት መስመሮች በኋላ በኮቨንትሪ ታሪክ ውስጥ ተመልሰን እናገኘዋለን።

ኮቨንትሪ ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ መሐል ከተማዋ ወድሞ እንደገና የተሠራች፣ ከጦርነቱ በኋላም በመኪና ፋብሪካዎቿ የበለጸገች የወዛደር ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ ከዌልስ፣ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድ፣ ከፑንጃብና ከካሪቢያን ደሴቶች ሠራተኛ ስበዋል። የነዚህ ሠራተኞች ልጆች ጎን ለጎን ተምረው ጎን ለጎን አደጉ። በ1970ዎቹ ግን የመኪናው ኢንዱስትሪ እየደከመ ሄደ፤ በካንሊ የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካ በ1980 መኪና መገጣጠም አቆመ። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። ቀደም ሲል በ1968 ኢኖክ ፓወል የተባለው የፓርላማ አባል በበርሚንግሃም ባደረገው ንግግር ከቅኝ ግዛቶች የመጡትን ሰዎች ለአገሩ እንደ አደጋ ቆጥሮ አቅርቦ ነበር። በ1970ዎቹም ናሽናል ፍሮንት የተባለው ዘረኛ ድርጅት ተስፋ የቆረጠውን ነጭ ወጣት በጥቁሩና በእስያዊው ጎረቤቱ ላይ ያነሳሳ ጀመር። የኮቨንትሪ ስካ የተነሳው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

የእንቅስቃሴው ዋና ቀስቃሽ ጄሪ ዳመርስ ነው። ዳመርስ በህንድ አገር የተወለደ የቄስ ልጅ ሲሆን፣ በኮቨንትሪው ላንቼስተር ፖሊቴክኒክ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከሆራስ ፓንተር ጋር ተገናኘ። በ1977 የመሠረቱት ጓድ ኋላ «ስፔሻልስ» የሚለውን ስም ያዘ። ከሰባቱ አባላት ሊንቫል ጎልዲንግና ኔቪል ስቴፕል በጃማይካ የተወለዱ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ አምስቱ ነጮች ነበሩ። በ1979 ዳመርስ «ቱ ቶን» ማለትም «ባለ ሁለት ቀለም» የተባለ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ። ምልክቱ እንደ ዳማ ገበታ የተሰደረ ጥቁርና ነጭ ነው። የመጀመሪያው ሸክላ በአንድ ገጹ የስፔሻልስን «ጋንግስተርስ»፣ በሌላው ገጹ «ሴሌክተር» የተባለውን የጊታር ተጫዋቹን የኒዮል ዴቪስን ድርሰት ይዞ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሽፋን በእጅ ማኅተም እየተመታ የተዘጋጀ ነበር። ከዚያ በኋላ ዴቪስ የድርሰቱን ስም ለአዲስ ጓድ ሰጥቶ «ሴሌክተር» ተቋቋመ።

ወደ ቅርጹ ስንመጣ፣ የኮቨንትሪ ወጣቶች የኪንግስተንን ስካ እንዳለ አለመገልበጣቸውን እናያለን። በዘመኑ በእንግሊዝ ወጣቶች ዘንድ ተስፋፍቶ የነበረውን የፓንክ ሙዚቃ ፍጥነትና ቁጣ ጨምረውበታል። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው የድምፃውያኑ አመዳደብ ነው። የቴሪ ሆል ድምፅ ደረቅና ቀዝቃዛ፣ በሥራ አጦች መዝገብ ቤት ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። ኔቪል ስቴፕል ደግሞ «ቶስቲንግ» በሚባለው፣ ከእኛው ፉከራ ጋር በሚቀራረበው የጃማይካ ስልት በዜማው ላይ እየገባ ይናገራል፣ ይጣራል፣ ይቀሰቅሳል። ሁለቱ ድምፆች አንድ ለመምሰል አይሞክሩም፤ አንዱ ሌላውን ሳያስወግድ በአንድ ምት ላይ ይኖራሉ። ጥቁርና ነጭ አብረው መኖር ይችላሉ የሚለው ሐሳብ በዚህ ቦታ በስብከት መልክ አልቀረበም፤ አድማጩ ሐሳቡን ከመስማቱ በፊት ውጤቱን ይሰማል።

ሌላው የቅርጽ ጉዳይ የትውልድ ቅብብል ነው። ስፔሻልስ በ1979 ያወጡት «ኤ ሜሴጅ ቱ ዩ ሩዲ» የተባለው ዘፈን ዳንዲ ሊቪንግስተን በ1967 ያወጣው ነው። በሁለቱም ቅጂዎች ላይ ትሮምቦኑን የሚነፋው ሪኮ ሮድሪገዝ ነው። ወጣቶቹ የአባቶቻቸውን ሙዚቃ ከሸክላ ላይ ብቻ አልወሰዱም፤ ሠሪውን ራሱን ጠርተው ከመካከላቸው አቆሙት። በበርሚንግሃም የተቋቋመው «ቢት» የተባለው ጓድም እንዲሁ አድርጓል። ሳክሳ እየተባለ የሚጠራው የሳክስፎን ተጫዋች ላዮኔል ማርቲን በጃማይካ የተወለደ፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ አንጋፋ ሲሆን፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር መድረክ ላይ ወጣ። የሳክሳ ለስላሳ አነፋፍ የወጣቶቹን ጥድፊያ ያረጋጋዋል። ቢት በ1980 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ከሥልጣን ውረጅ የሚለውን «ስታንድ ዳውን ማርጋሬት» ሲያቀርቡ፣ ተቃውሞው ከጩኸት ይልቅ ጆሮን በሚያባብል ዜማ መቅረቡ ከዚህ ጠባያቸው የመጣ ነው።

ስለ ሴሌክተርም በተለይ መናገር ያስፈልጋል። ከሰባቱ አባላት ስድስቱ ጥቁሮች ሲሆኑ፣ ድምፃዊቷ ፖሊን ብላክ በወንዶች በተሞላው በዚህ ዓለም የጓዱ ፊት አውራሪ ነበረች። የወንድ ሱፍና ባርኔጣ ለብሳ ትወጣ ነበር። ይህ አለባበስ ተራ ጌጥ አልነበረም፤ ኪንግስተን ውስጥ «ሩድ ቦይ» የሚባለው የሰፈር ጎረምሳ ልብስ ሴት ስትለብሰው ትርጉሙ ይለወጣል። «ኦን ማይ ራዲዮ» በተባለው ዘፈናቸው ራዲዮ ዘወትር ተመሳሳይ ነገር ማሰማቱን ሲነቅፉ፣ ድምፅዋ በድንገት ወደ ላይ እየዘለለ የዜማውን ሥርዓት ያናጋዋል። ነቀፌታው በቃል ብቻ ሳይሆን በዜማው አካሄድም ተገልጿል። በኖቬምበር 1979 ስፔሻልስ፣ ሴሌክተርና የለንደኑ «ማድነስ» በአንድ ምሽት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በ«ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ፕሮግራም ላይ ቀረቡ። ስልቱ ከአንድ ክፍለ ሀገር ወጥቶ የአገር ጉዳይ መሆኑ በዚያ ምሽት ታየ።

እስካሁን ያነሳነው መልካም ጎኑን ነው። ነገር ግን ይህን ሙዚቃ በቅንነት የሚመረምር ሁሉ ከአንድ መራራ ተቃርኖ ጋር ይጋፈጣል። ለመጨፈር በአዳራሹ ከሚሰበሰቡት ወጣቶች መካከል ጸጉራቸውን የተላጩ የዘረኛ ድርጅት ደጋፊዎችም ነበሩ። ሌሊቱን በጥቁር ሰው ምት ሲጨፍሩ አምሽተው በማግሥቱ ጥቁር ሰው የሚደበድቡ ወጣቶች መኖራቸው ሐሰት አልነበረም። የጓዱ አባል ሊንቫል ጎልዲንግ ራሱ በ1980 በለንደን በዘረኞች ተደብድቧል፤ ከዚህ ጥቃት የተነሳ የጻፈው «ዋይ» (ለምን) የተባለው ዘፈን በ1981 ወጣ። እንግዲህ ጥያቄው ከባድ ነው። ምቱ የጥቁሩን ባህል ወደ ነጩ ወጣት እግር ካደረሰ በኋላ ወደ ልቡ ካላደረሰው፣ ይህ ጥበብ ምን ሠራ?

አንዳንድ ሐያስያን መልእክቱ በበቂ ግልጽነት ስላልተነገረ ነው ይላሉ። የጓዱ ሥራዎች ግን የዚህን ተቃራኒ ያስረዳሉ። በ1980 መጀመሪያ በእንግሊዝ የሸክላ ሽያጭ አንደኛ የወጣውን «ቱ መች ቱ ያንግ» እንውሰድ። ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ በመድረክ ላይ የተቀዳ፣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ የሚወረወር ዘፈን ነው። መልእክቱም ከማንኛውም ሥራቸው የበለጠ ግልጽ ነው፤ በልጅነቷ አግብታ ልጅ የወለደችን ወጣት ሴት ይገሥጻል። ነገር ግን ገሣጩ ከሴቲቱ በላይ ቆሞ ነው የሚናገረው። ያገባችበትን ምክንያት፣ የገቢዋን ማነስ፣ የሰውየውን ድርሻ አይጠይቅም። ምቱ ያስጨፍራል፣ ግጥሙ ይገሥጻል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ቅርጽና ይዘት ሲለያዩ ጨፋሪው የሚወደውን ወስዶ ሌላውን ይተወዋል። እዚህም የወሰደው ፍጥነቱን ነው። መልእክትን ማጉላት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ ጋር የምናነጻጽረው በጁን 1981 የወጣውን «ጎስት ታውን» (የሙታን ከተማ) ነው። ዳመርስ የደረሰው ይህ ሥራ በሌሚንግተን በምትገኝ አነስተኛ የቀረጻ ክፍል የተቀዳ ነው። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ የሥራ አጡ ቁጥር ከሁለት ሚሊዮን ተኩል አልፎ ነበር። ዘፈኑ ስለ ተዘጉ የጭፈራ ቤቶች፣ ሥራ ስለ መጥፋቱና ወጣቱ እርስ በርሱ ስለ መጣላቱ ይናገራል። ነገር ግን ግጥሙ አጭርና ቁጥብ ነው፤ የሚበዛውን የሚናገረው ቅንብሩ ነው። ምቱ ከቀድሞው ስካ ፍጥነት ወርዶ ወደ ሬጌ እርምጃ ዘግይቷል። ኦርጋኑ ማረፊያ በማያገኙ፣ ሥጋት በሚያሳድሩ ድምፆች ላይ ይንከራተታል። የሪኮ ትሮምቦንና የዲክ ከተል ፍሉገልሆርን በሩቅ እንደሚሰማ ልቅሶ ይገባሉ። ድምፃውያኑም ቃል በሌለው ዋይታ ይቀባበላሉ። በመካከል ያለፈው ደግ ዘመን ሲታወስ ዜማው ለጥቂት ጊዜ ይፈካል፤ ወዲያውም ተመልሶ ይጨልማል። የትዝታው ማጠር ራሱ ትርጉም አለው።

የዚህ ሥራ ታላቅነት የት ላይ ነው? ቀድሞ የኮቨንትሪ ስካ ለአዳራሹ የሰጠው ምት እዚህ ከአዳራሹ መዘጋት ጋር እየደከመ ሲሄድ መሰማቱ ላይ ነው። ዘፈኑ የጭፈራን መሞት በጭፈራ ሙዚቃ ውስጥ ሆኖ ይናገራል። ለመጨፈር የመጣው ወጣት እግሩ ሲዘገይ ይሰማዋል፤ ምክንያቱን ለመጠየቅም ይገደዳል። በኤፕሪል በለንደን ብሪክስተን የተነሳው ሁከት በጁላይ ወደ ሊቨርፑል፣ ወደ ማንቸስተርና ወደ በርሚንግሃም ሲዛመት «ጎስት ታውን» በሽያጭ አንደኛ ሆኖ ለሦስት ሳምንት ቆየ። ዘፈኑ ሁከቱን አልቀሰቀሰም፤ ሁከቱም ዘፈኑን አልወለደውም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ተቀዱ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ማለት ጁን 20 ቀን 1981፣ ስፔሻልስ በኮቨንትሪ ስታዲየም ዘረኝነትን በመቃወም ያቀረቡት ትርኢት ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ ሊታይ ይገባዋል፤ ሙዚቀኞቹ የሚናገሩትን በከተማቸው መካከል ቆመው ለመፈጸም ሞክረዋልና።

በዚሁ ዓመት ጓዱ ተከፈለ። ሆል፣ ስቴፕልና ጎልዲንግ ወጥተው «ፈን ቦይ ስሪ» የተባለውን ጓድ አቋቋሙ። ሴሌክተርና ቢት ቀደም ብለው ከቱ ቶን ወጥተው ነበር። የመከፋፈሉን ምክንያት በግል ጠብ ብቻ ማስረዳት አይበቃም። ጥቂት ወጣቶች በሁለት ዓመት ውስጥ አልበም እንዲያወጡ፣ ውቅያኖስ እያቋረጡ ትርኢት እንዲያሳዩና ማሳተሚያም እንዲመሩ መደረጋቸው አድክሟቸዋል። የንግዱ ዓለም ደግሞ የዳማውን ምልክት ከሙዚቃው ነጥሎ በሸሚዝና በባጅ ላይ ይሸጠው ጀመር። ምልክት ከሥራው ከተለየ ማንም ሊለብሰው ይችላል፤ ጥላቻ ያለበትም ሰው ጭምር።

በ1982 ሮዳ ዳካር ከቀሪዎቹ አባላት ጋር «ዘ ቦይለር» የተባለውን ሥራ አቀረበች። ዳካር «ቦዲስናቸርስ» ከተባለው የሴቶች ጓድ የመጣች ስትሆን፣ ሥራው አንዲት ወጣት ስለ ደረሰባት መደፈር በተራ የንግግር ቃና የምትተርክበት ነው። መጨረሻው ጩኸት ነው። በዚህ ላይ ሊጨፈር አይችልም፤ ደጋግሞ ሊሰማም አይቻልም። ቱ ቶን ለ«ቱ መች ቱ ያንግ» ተግሣጽ የሰጠው ከሁሉ የበለጠ ምላሽ ይህ ይመስለናል፤ በዚያ ስለ እርሷ ሲወራባት የነበረችው ሴት እዚህ ራስዋ ትናገራለችና። ይሁን እንጂ ሥራው ከጨፋሪው ጋር የነበረውን ድልድይ አፍርሶ ያልፋል። እውነቱ ሙሉ ነው፤ አድማጩ ግን ጥቂት ሆነ።

ድልድዩ እንደገና የተሠራው በ1984 በወጣው «ፍሪ ኔልሰን ማንዴላ» ነው። ዳመርስ ስለ ማንዴላ ያወቀው በ1983 በለንደን ለእስረኛው 65ኛ የልደት ቀን በተዘጋጀ የሙዚቃ ትርኢት ላይ ነበር። ስለ እስር የሚናገር ዘፈን ሐዘን የተሞላ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አድማጭ እዚህ የሚያገኘው ግን የደቡብ አፍሪካን የከተማ ሙዚቃ ቃና የያዘ፣ በብርሃን የተሞላ ጭፈራ ነው። ደስታው ሁኔታውን መርሳት አይደለም፤ ነጻ መውጣቱን አስቀድሞ ማክበር ነው። በየጭፈራ ቤቱ ስሙን አብሮ የሚዘምረው ወጣት የማንዴላን ስም ባያውቀው እንኳ ማን እንደሆነ መጠየቁ አልቀረም። ማንዴላ ከእስር የተፈታው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃው የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ትግል መሆኑ የታወቀ ነው። የዘፈኑ ድርሻ ጉዳዩን ፖለቲካ ወደማይደርስባቸው ቤቶች ማስገባቱ ነበር።

ዛሬ የዚህ ዘመን ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት የሉም። ሪኮ ሮድሪገዝ በ2015፣ ሳክሳ በ2017፣ ቴሪ ሆል በ2022 አርፈዋል። ኮቨንትሪ በ2021 የብሪታንያ የባህል ከተማ በተባለች ጊዜ ስለ ቱ ቶን ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጅታለች። ስፔሻልስ ይጫወቱበት የነበረውና ቀድሞ ሎካርኖ ይባል የነበረው የጭፈራ አዳራሽ ከ1986 ጀምሮ የከተማይቱ ዋና ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን አንድ ሥራ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ የሚጠበቀው ልብሱና ምልክቱ ነው፤ የነበረበት ክርክር አብሮ አይቀመጥም። ባርኔጣውን አይቶ የሚመለሰው ጎብኚ፣ ያ ሙዚቃ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለጠላቱም ጭምር ይጫወት እንደ ነበር ላያውቅ ይችላል።

ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። የኮቨንትሪ ስካ ዘረኛውን ሁሉ አልለወጠም፤ ይህን ከሙዚቃ መጠበቅም የድርጅትን፣ የትምህርት ቤትንና የሕግን ሥራ በአንድ ትሮምቦን ላይ መጫን ነው። ነገር ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ጥርጥር የለንም። መልእክቱ በግጥም ላይ ብቻ ሲለጠፍ ጨፋሪው አልፎት ሄዷል፤ መልእክቱ በምቱ ፍጥነትና ዝግታ፣ በድምፃውያኑ አመዳደብ፣ ከማን ጎን ማን እንደ ቆመ በሚያሳየው አሰላለፍ ውስጥ ሲገባ ግን ከጭፈራው ጋር አብሮ ወደ ቤት ሄዷል። ዜማ አጋሰስ አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሙዚቃን የሚያስተምሩ መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ እንዲሞክሩት እናሳስባለን። «ጎስት ታውን»ን እንግሊዝኛ ለማይሰሙ ተማሪዎች ያሰሙ፤ ስለ ግጥሙ አንዳች ሳይናገሩም ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። የተማሪዎቹ መልስ ስለ ቅርጽና ይዘት አንድነት ከተጻፈው ብዙ ሐተታ ይልቅ ለውይይት መነሻ ሊሆን ይችላል። የኪነት ቡድን የሚያቋቁሙ ሰዎችም ግጥሙ ትክክል ነውን ከማለታቸው ጋር፣ ምቱስ ምን ይላል ብለው እንዲጠይቁ ያስፈልጋል።